ፋብሪካችን አርባ በግ የሰጠበት ምክንያት

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣን አርባ በግ፣ አርባ ጀሪካን ዘይት፣ የአንድ ቀን የድምፅ ማጉያ ኪራይና አንድ ባነር ነው። ይሄ የፋብሪካው ወጪ ነው፤ ለሁሉም ደረሰኝ አለው። የኔ ወጪ ደረሰኝ የለውም። አንዲት ሴት ከወጣትነታችን ጀምሮ በኔ ላይ የነበራትን እምነት በአንድ ረፋድ ጨረስኩት፤ ያውም ሰው እያጨበጨበልኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ጡረታ መውጣቴ ነው። ነጋዴ ጡረታ የለውም ይባላል፤ ጉልበቱ ሲከዳው ወንበሩን ከባንኮኒው ኋላ ወደ በሩ ያወጣና የሌላውን ሰው ገበያ ይተቻል። እኔ ግን ድርሻዬን ለሸሪኬ ለቅቄ ስወጣ ወልቂጤ ያለው የበርበሬ ፋብሪካችን ሠራተኛውን ሰብስቦ ሸኘኝ። ካባ አለበሱኝ፤ ካባው ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። መድረክ መሪው "የድሆች አባት" ብሎ ጀመረና ሥራዎቼን ሲዘረዝር፣ በመስታወት የተደረገ ትልቅ ፎቶግራፍ ለሁለት ተሸክመው አመጡ። ፎቶው ላይ እኔ አለሁ፣ በግ አለ፣ የበጉን ገመድ የያዘች ሴት አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቤት ስደርስ ባለቤቴ "የት እንስቀለው?" አለችኝ። "እስቲ ይቆይ" አልኳት። እስካሁን ቆይቷል።

ሴትየዋ ሩቂያ ትባላለች። ስለ እሷ ለመናገር ከቡታጅራ መነሣት አለብኝ።

የተወለድኩት ጥያ አጠገብ ነው። ሰው ትክል ድንጋዩን ለማየት ከሩቅ ይመጣል፤ እኛ ድንጋዩን ጠግበን ወደ ሩቅ እንሄዳለን። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ቡታጅራ ገባሁና ሐጂ ከድር መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሐጂ የመስቃን ሰው ናቸው። ዛላ በርበሬ ከገበሬው ይገዛሉ፣ ጭራውን ያስቀነጥሳሉ፣ ነጭ የመታውን ያስለቅማሉ፣ ጥሩውን ለመርካቶ ይልካሉ። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ሥጋ ባንካፈልም ቆጮና አይብ እንካፈል ነበር። ለምሳ ማንም ተለይቶ አይቀመጥም።

ንግድ የተማርኩት እዚያ ነው። ሐጂ በርበሬ ጠዋት አይገዙም፤ ጠዋት ጤዛ ጠጥቷል፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል። ፀሐይ መሐል አናት እስክትደርስ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ከዚያ አንድ ዛላ አንሥተው ጆሯቸው ሥር ያንቀጠቅጡታል። ፍሬው ውስጡ ከተንሿሿ ደርቋል። ካልተንሿሿ ለገበሬው ይመልሱና "ልጄ፣ ይሄ ገና ከእናቱ አልተለየም፤ ወስደህ ፀሐይ አሳየው" ይሉታል። ገበሬው ይስቃል፣ ይወስደዋል፣ በሦስተኛው ቀን ደርቆ ይመጣል። አልዋሹትምና ሌላ ዘንድ አይሄድም።

ሌላው የሐጂ ልማድ ጆንያ መገልበጥ ነው። በርበሬ የሚሸጥ ሁሉ ደማቁን፣ ረጅሙን፣ የሚያብረቀርቀውን ዛላ ከጆንያው አፍ ላይ ያደርጋል። ነውርም አይደለም፤ ሙሽራም ፊቷ ነው የሚታየው። ሐጂ ግን የጆንያውን አፍ አያዩም። "ሸራው ላይ አፍስሰው" ይሉኛል። አንድ ቀን ዓይኔን አምኜ ጆንያ ሳልገለብጥ ስመዝን ደረሱብኝ።

"አንተ የጥያ ልጅ፣ ምን አየህ?"

"ጥሩ ነው ሐጂ፣ ደም ይመስላል።"

"አፉን ነው ያየኸው። አፍ ይዋሻል፣ ሆዱን ጠይቀው።"

አፈሰስኩት። ከሥር ያለው ግማሹ ሻግቷል።

ሐጂ የሚሰጡበትን መንገድ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አረፋ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ለቀንጣሾቹ ሁሉ የቅንጠሳውን ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ። ለሁሉም ነው፤ ለተቸገረችውም ላልተቸገረችውም። በአረፋ በዓል ከመርካቶ፣ ከየአገሩ ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ይመጣል። የዚያን ሰሞን ቤቱ ሥጋና ቅቤ የሌለው ሰው ከመራቡ ይልቅ መታየቱ ነው የሚገድለው። ያልቸገራት ሴት ቤቷን ልታሰናዳ ትቀራለች፤ የቸገራት አሥሩንም ቀን ከማለዳ እስከ ማምሻ ትቀነጥሳለች። ማንም ማንንም አይለይም። እኔ ግን ብልጥ ነኝና አንድ ቀን መከርኳቸው።

"ሐጂ፣ ለምን የተቸገሩትን ብቻ ለይተው አይሰጧቸውም? ይረክስልዎታል።"

"የተቸገሩት የትኞቹ ናቸው?"

"ያቺ፣ ከጥጉ ያለችው። ያቺም ነጠላዋ የተጣፈው። ያቺ ደግሞ—"

"እጅህን አውርድ" አሉኝ። ዝግ ብለው ነው የተናገሩት። "ስትጠቁማቸው አዩህ። ያቺ ከጥጉ ያለችው ነገ ከመጣች ዕድለኛ ነህ።"

አልመጣችም። ሐጂ ራሳቸው፣ ያ ሁሉ ስልቻ የሚያህል ሰውነት ይዘው፣ ሴትየዋ ቤት ሄደው "ያለ አንቺ ሥራው ቆመ" ብለው ለምነው መለሷት።

በሌላ ቀን ደግሞ፣ "ይሄን የሚያደርጉት ለጀነት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለጀነትም ነው፣ ለበርበሬዬም ነው። የራበው ሰው ዓይን የሻገተውን ዛላ ያሳልፋል። ለየትኛው የበለጠ እንደሆነ አላህ ይወቀው፤ እኔ ግራ ገብቶኝ ትቼዋለሁ።"

እንግዲህ ሰው ለጥቅሙ ብሎ ሰጠ ብዬ አልፈርድም። ሐጂም ጥቅማቸውን ያውቁ ነበር።

ሩቂያ የቀንጣሾቹ አለቃ ነበረች። ከሐጂ ቀጥሎ እንደ እሷ በርበሬ የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ሌላው በዓይኑ ይመርጣል፤ እሷ ዛላውን ሰብራ ታሸተዋለች። በርበሬ ቤት ውስጥ ሁሉም ሲያስነጥስና ሲያለቅስ እሷ አፏን በሻሿ ሸፍና፣ ዓይኗ እንደ ብርጭቆ ደርቆ ትቀመጣለች። የመጀመሪያውን የራሴን ጭነት ስገዛ፣ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ፣ ጆንያዎቹን አሰልፌ ቆሜ ነበር። ሩቂያ አልፋ ስትሄድ ቆም አለች።

"ብርሃኑ፣ ከፍለሃል?"

"ልከፍል ነው።"

"አትክፈል። ውሃ ጠጥቷል። መርካቶ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሸታል።"

ሻጩ "አንቺ ምን አገባሽ፣ ቀንጣሽ አይደለሽም እንዴ?" አላት።

"ቀንጣሽ ነኝ። አንተ ግን አጠጪ ነህ" አለችው።

እጄን ሰደድኩና ከሦስተኛው ጆንያ ሆድ አወጣሁ። እርጥብ ነበር። ያን ቀን ምክሯን ባልቀበል ኖሮ ዛሬ ካባ የሚያለብሰኝ አይኖርም።

ሐጂ ሞቱ። ልጆቻቸው ወደ ሌላ ሥራ ገቡ፣ መጋዘኑም ተዘጋ። እኔ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ግርማ ከሚባል ሰው ጋር ተሻርኬ ወልቂጤ ላይ የበርበሬ መፍጫና ማሸጊያ ልንተክል ነበር። ግርማ ገንዘብና መኪና ነበረው፤ እኔ አፍንጫ ነበረኝ፤ አፍንጫውም የሩቂያ ነበር። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ አንድ ልጅ ጀማል የሚባል አላት። ቤቷ ሄጄ፣ ዘመዶቿ መሐል ተቀምጬ፣ "ነይ ወልቂጤ፣ እኔ እዚያ እስካለሁ ሥራ አለሽ" አልኳት። አጎቷ "ቃል ነው?" አሉኝ። "ቃል ነው" አልኳቸው። አገሯን ለቅቃ በኔ ቃል መጣች።

ዓመታቱ ጥሩ ሄዱ። አርባ የሚሆኑ ሴቶች በእሷ ሥር ነበሩ። በወልቂጤና በዙሪያው የኛን በርበሬ የማያውቅ ሱቅ አልነበረም፤ ከእምድብር የሚመጣ ሚኒባስ ሳይቀር መንገድ ላይ ቆሞ ይጭናል። የቅንጠሳውን ዋጋ በአረፋና በመስቀል ሰሞን ከፍ አደርግ ነበር፤ ግርማ ይነጫነጫል፣ እኔ "የሐጂ ቤት ሕግ ነው" እለዋለሁ። ጀማል አደገና መርካቶ ገባ፤ ቀበቶና ካልሲ በትከሻው ተሸክሞ የሚሸጥ ጠንካራ ልጅ ሆነ።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ማሽኑ ይቀነጥሳል፣ ያበጥራል። ማሽተት አይችልም። ግን ማሽን በዓል የለውም፣ ዋጋ ጨምሩልኝም አይልም። በአንድ ወር ውስጥ ሴቶቹን አሰናበትን። ሩቂያን ለሽታ ብዬ ጥቂት ወራት አቆየኋት፤ ግርማ "የዚህች ሴት ሥራ ምንድነው?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፣ በሦስተኛው ላሰናብታት ተስማማሁ። የነገርኳት በሩ ላይ ቆሜ ነው፤ ወንበር ላይ ሆኜ ብነግራት መልሳ ትጠይቀኛለች ብዬ።

"ለጊዜው ነው" አልኳት። "ሥራ ሲበዛ እጠራሻለሁ።"

"እሺ" አለች። አመነችኝ።

አሁን ወደ በጎቹ ልምጣ። ድርጅቶች ለድሀ የሚሰጡት ለምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ስጦታው የተወሰነበት ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ ይበቃዋል። እኛ ፋብሪካውን የምናሰፋበት ቦታ ጠይቀን ነበር፤ ጉዳዩ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመት ሊሞላው ነው። ግርማ እንዲህ ብሎ ጀመረ።

"ያ ዱቄት ፋብሪካ ደብተር አከፋፍሎ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ሲወራለት ሰነበተ። እኛስ?"

"እኛማ በርበሬ እናከፋፍልና ሕዝቡ ያልቅስልን" አልኩ።

"ቀልድህን ተወው። ቦታውን የሚያዩት ሰዎች የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ 'ኅብረተሰቡ ስለ እናንተ ምን ይላል?' አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"በቅርቡ ትሰማላችሁ አልኳቸው።"

ሒሳብ ሹማችን ደብዳቤና ደረሰኝ ካለው ለግብር ሰዓት እንደሚጠቅም ተናገረ። የሽያጭ ኃላፊው ስማችን በትልቁ የሚጻፍበት ባነር ያስፈልጋል አለ። በመጨረሻ ጸሐፊያችን "የተቸገሩትም ይጠቀማሉ እኮ" አለች። ሁላችንም "አዎ፣ እሱማ" አልን። በዚያ ስብሰባ ድሀ የተነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ሻዩ ሊመጣ ሲል።

የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። "ከአረፋ ሁለት ቀን ቀደም ብለን፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ እናድርገው" አልኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሁሉ እዚያ ይወርዳል። እሱ ነው ሲመለስ በርበሬ በኪሎ ሳይሆን በጆንያ የሚገዛው። ሰው በበዛበት ቀን ዕቃህን አውጣ፤ ይሄ የገበያ ፊደል ነው። ግርማ ጠረጴዛውን መታና "ለዚህ ነው የምወድህ" አለኝ። ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ መደሰቴ ነው።

የተቸገሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ከቀበሌ መጣ፤ አርባ ስም። ሳነበው ከአርባው አሥራ አንዱን አወቅኳቸው። የኛ ቀንጣሾች ነበሩ። ማሽኑ ሲመጣ ያሰናበትናቸው። ዝርዝሩን ለግርማ ሳሳየው ይህን አልነገርኩትም። ቢሰማ ደስታው ይበላሻል፤ የኔም። ከዝርዝሩ አንድ ሽማግሌ ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል ተባለና አንድ ቦታ ክፍት ሆነ። እዚያ ላይ በእጄ "ሩቂያ" ብዬ ጻፍኩ።

ማንም አልጠየቀኝም፣ እሷም አልለመነችም። ሥራ ካቆመች ወራት ሆኗታል፣ ልርዳት ብዬ ነው። ይሄ እውነት ነው። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሩቂያ ቁመናዋ ያማረ፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ የነጣ፣ ከተማው የሚያውቃት የሚያከብራት ሴት ናት። ፎቶ ላይ ከፊት እሷ ብትሆን ጥሩ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ሐጂ ቤት ስንት ዓመት ጆንያ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው፣ ደማቁን ዛላ ከጆንያው አፍ ላይ አደረግኩ።

ዘበኛችንን ወልዴን ላክሁት። "ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ብርሃኑ መናኸሪያው ጋ ይፈልጉሻል በላት" አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሐሙስ ሆነ። ሜዳው ሞላ። ሚኒባሱ ይገባል፣ ሰው ሻንጣውን፣ ፍራሹን፣ ቴርሞሱን ተሸክሞ ይወርዳል፣ ድምፅ ማጉያውን ሰምቶ ይቆማል። ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ተነሥቷል። ባሰብኩት መንገድ ሄደ። ሩቂያ ስትመጣ አየኋት፤ ለበዓል የምትለብሰውን ለብሳለች፣ ብብቷ ሥር ደግሞ የተጣጠፈ ጨርቅ ይዛለች። ስትቀነጥስ አፏን የምትሸፍንበት ሻሽ ነበር። አጥባዋለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ምንም አላደረግኩም፤ መድረክ መሪው ስሟን ሊጠራ ነበር፣ ሥነ ሥርዓቱን ላቋርጥ አልፈለግኩም።

"ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው እናታችን፣ ወይዘሮ ሩቂያ!"

ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው የሚለውን የጻፈው ሽያጭ ኃላፊው ነው፣ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ሩቂያ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ወዲህ ወዲያ አየች፣ ሌላ ሩቂያ አለች ይሆን ብላ። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፈገግ ብዬ በእጄ "ነይ" አልኳት። ተነሥታ መጣች። እምቢ ብትል እኔ በሕዝብ ፊት እንደማፍር ታውቃለች፤ የመጣችው እኔን ላለማሳፈር ነው። ገመዱን ተቀበለችኝና ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣

"ብርሃኑ፣ ሥራ መስሎኝ ነው የመጣሁት" አለችኝ።

ፎቶው የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። አሁን ከሚኒባስ የወረዱ አምስት ስድስት የመርካቶ ልጆች ናቸው። አንዱ ጮክ ብሎ፣ "ጀማል፣ ማዘርህ አይደለችም እንዴ? ፋብሪካው ጧሪ ሆነላት በቃ፣ አንተ ተገላግለሃል" አለ። የልጅ ቀልድ ነው፤ ክፋት የለበትም። ጀማል ሻንጣውን እዚያው መሬት ላይ አስቀምጦ በሰው መሐል መጣ።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"እንኳን ደህና መጣህ ጀማል።"

"በጉ የማን ነው?"

"የእናትህ ነው። ፋብሪካው ለበዓል—"

"ለሠራተኛ ነው የሚሰጠው?"

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ እናቱ ዞረ።

"እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብለሽኝ አልነበረም? ባለፈው ሳምንትም በስልክ?"

"ቤት እንነጋገራለን" አለችው።

ጀማል ገመዱን ከእጇ ወሰደ። ድምፅ ማጉያው የቆመበት ብረት ላይ አሰረው። "ጧሪ ለሌለው ይሰጥልኝ" አለኝ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ማይክሮፎኑ ግን ቅርብ ነበርና ሜዳው ሁሉ ሰማው። እናቱን በክንዷ ይዞ ወጣ። በጉ ሲጎትት ብረቱ ተንገዳገደ፣ ሰው ሳቀ፣ መድረክ መሪው ቀጣዩን ስም ጠራ። ከሰዓት በኋላ በጉን ለወልዴ ሰጠነው። ሪፖርቱ ላይ ግን አርባ እናቶችና አባቶች ይላል።

ከአረፋ ማግስት ስኳርና ቡና ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ጀማል ወጥቶ ነበር። ከበሬ ቅርጫ ድርሻ ገዝቶላት ሥጋ በቤቱ አለ፤ እሷ ግን የነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ቆጮና አይብ አቀረበችልኝ።

"ለምን ደበቅሽው?" አልኳት። እሷን ጥፋተኛ ላደርግ ፈልጌ እንደሆነ እንጃ።

"ሱቅ ሊይዝ ነበር" አለች። "መርካቶ፣ ትንሽ በር። ስድስት ዓመት ያጠራቀመው ነው። ሥራ ማቆሜን ቢሰማ ለኔ ይልከዋል፤ አውቀዋለሁ። ከአረፋ በኋላ ቁልፍ ሊቀበል ነበር። እስከዚያ ጎረቤት ቤት ቆጮ እየፋቅኩ ልቆይ ብዬ ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁን ምን አሁን አለው። 'አንቺ እዚህ ስምሽ በማይክ እየተጠራ እኔ ሱቅ አልከፍትም' ይላል። ገንዘቡን ቤት ኪራይ አድርጎ ሊወስደኝ ነው።"

"ሩቂያ፣ አጥፍቻለሁ።"

"አውፍ ብዬሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ፎቶዬ ፋብሪካው በር ላይ ባነር ሆኗል አሉኝ። አውርድልኝ። ከዚህ የሄድኩ እንደሆን በዚያ አልታወስ። ምናልባት ጀማልም ባያየው ልቡ ይመለስ ይሆናል።"

"ዛሬውኑ" አልኳት።

እዚህ ጋ ነው ትልቁ ጥፋቴ። መናኸሪያው ላይ የሆነውን ሳላውቅ አደረግኩት ማለት እችላለሁ። ይሄን ግን እያወቅኩ ነው። ለግርማ ነገርኩት። "አሁን? ቦታውን የሚያዩት ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጡ?" አለኝ። "እስኪፈቀድ ታገስ።" ታገስኩ። መሰላሉ ግምጃ ቤት ነበር፣ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ባነሩ በአራት ገመድ ብቻ ነው የታሰረው። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ እገባለሁ፣ ማታ ከሥሩ እወጣለሁ፤ አንገቴን ቀና ላለማድረግ ስልኬን እያየሁ።

ሰዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። በወሩም አልመጡም። አዲስ ዓመት ሊደርስ ሲል የፋብሪካው ቀን መቁጠሪያ ናሙና ከማተሚያ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የመስከረም ገጽ ላይ ሩቂያ፣ በጉና እኔ ነን። ሌላ ፎቶ አድርጉ ማለት አንድ ቃል ነው። ግን ማተሚያ ቤቱ ይዘገያል፣ ግርማ ይቆጣል፣ ቦታው ገና አልተፈቀደም። ፈረምኩ። በሳምንቱ ወልቂጤ ውስጥ ያለ ሱቅ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሩቂያ ዘይት ልትገዛ ስትገባ ራሷን ግድግዳ ላይ ታገኛለች፤ ከፎቶው ሥር "ወገን ለወገን" ይላል።

አንድ ቀን ወልዴ ቢሮዬ መጣ።

"ጋሼ፣ ሩቂያ በሩ ጋ መጥታ ነበር።"

"ምን አለች?"

"ምንም። ባነሩን ትንሽ አየችና 'ለብርሃኑ ሰላም በልልኝ' ብላ ሄደች።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"እኔማ ምን እላለሁ? በጓን የበላሁት እኔ አይደለሁ?"

በዚያ ወር ጀማል መጥቶ ዕቃዋን ጭኖ ወሰዳት። የሱቁን በር ሌላ ሰው ያዘው።

ቦታው የተፈቀደው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተራችን ስለደረሰ፣ ሰነዳችን ስለተሟላ፣ ይላል። ስለ በግ አንድም ቃል የለውም። ግርማ ግን እስከ ዛሬ "በጎቹ ናቸው ያመጡልን" ይላል። ባነሩን ያወረድኩት ያን ቀን ነው። ፀሐይ በልታው ፊቷ አይለይም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐጂን ለመምሰል ሞክሬያለሁ። ማሽኑ ያበላሸውን የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል ብዬ ግርማን አሳመንኩትና፣ በአረፋ ሰሞን ለአሥር ቀን ሴቶቹን ከፍ ባለ ዋጋ ጠራን። የበርበሬው ሽታ ተሻለ፤ ግርማም ለዚያ ብሎ ተወው። የመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው አንገባም አሉ። ወጥቼ "ምን ሆናችሁ?" አልኳቸው። በዕድሜ የምትበልጠው ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣

"ፎቶ አለ?" አለችኝ።

"የለም።"

"ማይክስ?"

"የለም እናቴ። ቅንጠሳ ብቻ ነው።"

"እንደሱ ከሆነ" አለችና ገባች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ድርሻዬን ከለቀቅኩ በኋላ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጀማልን መርካቶ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ሱቅ የለውምና በአድራሻ አይገኝም። ቀበቶዎቹን በትከሻው አንጠልጥሎ ሲጣራ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ፣ እንድከፍል አልፈቀደም። ለኔ ያለው አክብሮት ምንም አልጎደለም፤ ከዚያ የከፋ ነገር የለም።

"እናትህ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሰው ቤት በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሰፈሩ ሁሉ በርበሬ የሚገዛው እሷን ይዞ ነው።"

"ላያት እችላለሁ?"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሊመጡ እንደሚችሉ የአገር ሰው ነግሮን ነበርና ጠይቄያት ነበር ጋሼ። 'ሰላም በለው' ብላለች።"

"ሌላ ምንም አላለችም?"

"ሌላ አላለችም።"

እንግዲህ የቀረው ይሄ ነው። ፋብሪካው ቦታውን ይዟል፣ ሁለተኛ ወፍጮ ተክሏል። ሠላሳ ዘጠኝ ቤት አንድ አረፋ በግ አርዷል። ቀንጣሾቹ በዓመት አሥር ቀን ይሠራሉ። ጀማል ቀበቶ ተሸክሞ ይሸጣል። ሩቂያ ወልቂጤ የለችም።